የመላእክት ድርሻ

አራት ነን፤ የአራታችን ኪስ ቢራገፍ አንድ ጠርሙስ ውስኪ አይገዛም። ታዲያ ከመካከላችን የአንዱ አጎት ከውጭ ሲመለሱ ከአውሮፕላን ማረፊያ የገዙት ባለ ሦስት ማዕዘን ጠርሙስ፣ ግሌንፊዲክ 12፣ እጃችን ሲገባ ክርክር ተነሣ። ይሸጥ ወይስ ይጠጣ? ይሸጥ ያልነው ሦስት ነበርን። ይጠጣ ያለው እናቱ ደብረ ብርሃን ላይ አረቄ እያወጡ ያስተማሩት ጓደኛችን ነው። «ምን ቢኖረው ነው ይኼን ያህል የሚያወጣው? ልወቀዋ!» አለ። ረታን።

መጀመሪያ ማንነቱን እንወቅ። ስኮትላንዶች ሲንግል ሞልት የሚሉት ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በአንድ ማውጫ ቤት፣ በመዳብ ጋን ተጥዶ የወጣውን ነው። ብዙዎቻችን በስም የምናውቀው ጆኒ ዎከር ግን የብዙ ቤቶች ቅይጥ ነው። ግሌንፊዲክ ዳፍታውን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1887 በገና ዕለት የመጀመሪያውን ጠብታ አወጣ። በ1963 ደግሞ ሲንግል ሞልትን ከአገሩ አውጥቶ ለዓለም ገበያ አቀረበ። ዛሬ ለጀማሪ ይሁን ከሚባሉት አንዱ ነው። አወጣጡም ሁለት ጊዜ ነው። ይኼን ስናነብለት ጓደኛችን ሳቀ፤ «እና ዳግም ነዋ! ብቅሉም የእኛው፣ ዳግሙም የእኛው።»

ለመቅመስ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይመከራል፤ እኛ የነበረን የሻይ ብርጭቆ ነው። አፋችንን ገርበብ አድርገን አሸተትን። መጀመሪያ አረንጓዴ ፖም፣ ቀጥሎ ማር፣ ከሥር ደግሞ ቆሎ ቆሎ የሚል ብቅል። ጥቂት ውሃ ጠብ ስናደርግበት ጣፋጭነቱ ጎላ። ጉሮሮ አይቧጥጥም። ከዋጡት በኋላ ግን አይቆይም፤ ገና ምን እንደሆነ ስታሰላስል የለም። ጨዋ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም፣ ማንንም አያስደነግጥም።

ወርቃማ ቀለሙን ብናደንቅም ሕጉ ለቀለም ሲባል ካራሜል መጨመር ስለሚፈቅድ ቀለም የዕድሜ ምስክር አይሆንም። ኃይሉ 40 በመቶ ነው፤ ያም ሕጉ ከሚጠይቀው ዝቅተኛው ልክ ነው። ታዲያ ቀረጡን ትተን ዋጋው ከየት መጣ?

ከ12 ቁጥር። ሕጉ ስኮች ለመባል ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል መቀመጥ ግድ ነው ይላል። 12 ሲባል ደግሞ በጠርሙሱ ውስጥ ካለው ሁሉ የመጨረሻው ልጅ እንኳ 12 ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው። በርሜሉ ተኝቶ ሳለ በየዓመቱ ወደ 2 በመቶ የሚሆነው በእንጨቱ ሾልኮ ይተናል። እነሱ «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። አስልተን አየነው፤ ከ100 ሊትር በ12 ዓመት የሚተርፈው 78 ሊትር ገደማ ነው። ሌላውን መላእክት ጠጡት! ባለቤቱ ግን ይኼን ሁሉ ዓመት ሳይሸጥ፣ ሳይጨነቅ፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ጓደኛችን ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እናቴ አንዱን እንስራ ለ12 ዓመት ብታስቀምጠው ኖሮ እኔ ሦስተኛ ክፍልን አልጨርስም ነበር» አለ። የእሳቸው አረቄ ማክሰኞ ወጥቶ ቅዳሜ ገበያ ላይ ያልቃል፤ የእህል ዕዳ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ። ገዢው ደግሞ «ጭስ ጭስ ይላል» እያለ ዋጋ ይሰብራል። አይላ በምትባለው የስኮትላንድ ደሴት ግን ከረግረግ ተቆፍሮ እንደ ኩበት በሚነድ አፈር ብቅሉን ሆን ብለው ያጥናሉ፤ ጭሱ ዋጋ ያስጨምራል እንጂ አያስቀንስም።

ፍርዳችን እንዲህ ነው። ውስኪ ምን እንደሆነ ለመማር ጥሩ አስተማሪ ነው። ለአራት ከተካፈሉት ያስቆጫል አይባልም። ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ለመታየት የሚገዛው ግን ገንዘቡን ጣለ። የምንከፍለው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ መጠበቅ የቻለ ሰው ለጠበቀበትም ጭምር ነው። መጠበቅ ያልቻለ ሙያ ቢኖረውም ዋጋ አያገኝም።

የቀረችውን በብልቃጥ ይዘን በዕረፍት ደብረ ብርሃን ወረድን። እናቱ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው አሻሹት፣ አሸተቱት፣ ቀመሱት። «ንጹሕ ነው፤ ያወጣው ሰው እጁ ይባረክ» አሉ። ጥቂት ቆይተው፣ «ግን ቶሎ ይሄዳል» አሉ። እኛ አንድ ማታ ሙሉ የተከራከርንበትን በአንድ ጉንጭ ጨረሱት።

«ስንት ይሸጡታል ልጆቼ?» ሲሉን እርስ በርሳችን ተያየን። ግማሹን ነገርናቸው። እሱንም አላመኑንም።