ፋሲል ግቢ በሩጫ አይታይም

ለሠርግ ድንኳን ስድስት ወር ሙሉ የሚያቅድ የከተማ ልጅ፣ ጉዞ ሲመጣ የሚያስበው ስለ ሻንጣና ስለ ፎቶ ብቻ ነው። «ስንደርስ እናየዋለን» ይላል። ጎንደር ላይ ግን ይሄ አያዋጣም።

የማውቃቸው ሁለት ሙሽሮች ዓመት ሙሉ ባጠራቀሙት ብር ለጫጉላ ጎንደር ሄዱ። ለከተማዋ የመደቡት አንድ ቀን ነው። ጠዋቱን ተኙበት፤ ምሳው ረዘመ፤ ቡናው ሦስተኛው ድረስ ተጠጣ። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፏል። ባል ፋሲል ግንብ ፊት ቆሞ ፎቶውን ሲደረድር፣ ሚስት ለማየት የጓጓችለት የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ጋ ሳይደርሱ ጥበቃው «በቃ፣ ልንዘጋ ነው» አላቸው። ማታ ሆቴል ውስጥ ኩርፊያ ሆነ። «አንተ ያየኸው ካሜራህን ነው» አለችው። ነገሩ የግንብ ብቻ አልነበረም። ዓመት ሙሉ አብረው የቆጠቡት ለእሱ ጉዞ ሆኖ እሷ አጃቢ የሆነች መስሏት ነው የከፋት።

ታዲያ እንዲህ እንዳይሆን ግቢው ምን እንደያዘ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ፋሲል ግቢ የአንድ ንጉሥ ቤት አይደለም። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ በ1636 ገደማ ከተማዋን ከቆረቆሩ ወዲህ ተተኪዎቻቸው የየራሳቸውን አክለዋል። 32 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከፋሲል ግንብ ሌላ የልጃቸው የአፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የታላቁ ኢያሱ ግንብ፣ የሣልሳዊ ዳዊት የዜማ አዳራሽ፣ የበካፋና የምንትዋብ ግንቦች፣ የአንበሶች ቤት ሳይቀር አለ። ሁሉም 900 ሜትር ርዝመትና 12 በሮች ባሉት አጥር ውስጥ ነው። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ በ1979 ነው። ኢያሱ ግንብ ስትገቡ ቀና በሉ፤ ሰማይ ታያላችሁ። ጣሊያን ግቢውን ይዞት በነበረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሲደበድቡ ከተጎዱት አንዱ እሱ ነው። ይሄ ሁሉ በግማሽ ሰዓት እንዴት ይታያል?

የኔ ምክር እንዲህ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ተገኙ። ለግቢው ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ስጡት። ምሳችሁን ፒያሳ ብሉ፤ ቅርብ ነው። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዛችሁ ወደ ፋሲል መዋኛ ውረዱ። የግቢው ትኬት ለመዋኛውም ስለሚያገለግል ቁራጩን እንዳትጥሉት! ጥሎ ሁለተኛ ጊዜ የከፈለ ሰው አውቃለሁ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴና ቁስቋም ግን የየራሳቸው ክፍያ አላቸው፤ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ዝለሉ የሚላችሁ ካለ አትስሙት። የደርቡሽ ጦር እ.ኤ.አ በ1888 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል የተረፈ ነው፤ ጣሪያው ላይ የተሳሉት የመላእክት ፊቶች ቁልቁል ያዩዋችኋል። ጫማ ይወልቃል፤ ሴቶች ነጠላ ያዙ፤ የቅዳሴ ሰዓት አይደለም የጉብኝት ሰዓት።

ሌላው የዋጋ ነገር ነው። ለአገር ሰውና ለውጭ ዜጋ የሚከፈለው የተለያየ ስለሆነ መታወቂያችሁን ያዙ። ከውጭ የመጣ ዘመድ አብሯችሁ ካለ የእሱን ለብቻ አስሉ፤ በር ላይ «እኔም እኮ አበሻ ነኝ» እየተባለ መጨቃጨቅ ያሳፍራል። የሚዘጋበትንና የምሳ ሰዓቱን ከዋዜማው ጀምሮ ጠይቁ፤ ትኬት ቆራጩ እናንተን ቆሞ አይጠብቅም።

ለጥምቀት የምትሄዱ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። ሌላ ጊዜ ደረቅ ሆኖ የምታዩት መዋኛ ለጥር 11 ውሃ ይሞላል፤ ሕዝቡም ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አልጋና የአውሮፕላን ቲኬት ከወራት በፊት ያልያዘ ሰው ዘመድ ቤት ወለል ላይ ማደሩ ነው። ግንቦቹን በእርጋታ ማየት የፈለገ ደግሞ ከበዓሉ በፊት ወይም በኋላ ጥቂት ቀን ይጨምር።

መንገዱንም አትርሱ። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የየብስ ጉዞውን ከባድ አድርጎታል። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ጋ ደውላችሁ «መንገዱ እንዴት ነው?» በሉ። «አይ፣ ቆዩ» ካላችሁ ቆዩ፤ ግንቡ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እናንተን ሁለት ወር መጠበቅ አያቅተውም።

በመጨረሻ አስጎብኚ ያዙ። ዋጋውን በር ላይ ተስማሙ፤ በኋላ አትከራከሩ። ከኮሮና ጀምሮ እንግዳ ሲጠፋ የእነዚያ ልጆች ገቢም አብሮ ነው የጠፋው። ለሁለት ማኪያቶ የምታወጡትን ብር ጉርሻ ብትጨምሩለት አትከስሩም። እሱም በተራው «ይሄ በር ለምን ጠበበ? ይሄ ደረጃ ወዴት ያወጣል?» ብላችሁ ስትጠይቁት ያወጋችኋል። ጥያቄ ይዞ ለሄደ ሰው ድንጋይም ያወራል!