ባልተጠበቀ ሰዓት
እናቴን እዚህ አሜሪካ ወደ አረጋውያን መንከባከቢያ ያስገባኋት ቤቱ ከመንግሥት አምስት ኮከብ ማግኘቱን አይቼ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስጠይቃት ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ ስለማገኛት ልቤ ዐረፈ። አንድ ረቡዕ ማታ ሳላስታውቅ ብሄድ ግን የመጥሪያው ደወል ከእጇ ርቆ፣ ተረከዟም ከመተኛት ብዛት ቆስሎ አገኘሁ።

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሥራ ይበዛብሃል ብዬ ነው፣ ልጄ።»

በየሁለት ሰዓቱ እንዲያገላብጧት ከኀላፊዋ ጋር ተስማማን፤ እኔም የምሄድበትን ቀን መለዋወጥ ጀመርሁ።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ኮከቡ የቁጥጥር ውጤትን፣ የሠራተኛን ብዛትና የሕክምና መረጃን ይመዝናል፤ ይጠቅማልም። የቆሰለ ተረከዝ ግን የሚታየው ብርድ ልብሱን ለሚገልጥ ልጅ ነው። ደወሉን ደውለን እስኪመጡ ደቂቃውን እንቁጠር። ወላጅን ማክበር በእሑድ ጉብኝት ብቻ አይፈጸምም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።