ከድምፅ መስጫው ወረቀት ግርጌ

በአሜሪካ የትምህርት ቦርድ የአንድ አካባቢ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የበላይ አካል ነው። በአገሪቱ 13 ሺህ ያህል የትምህርት ዲስትሪክቶች አሉ፤ የአብዛኞቹን ቦርድ የሚመርጠው ራሱ የአካባቢው ነዋሪ ነው። ለወንበሩ ለመወዳደር መምህር መሆን፣ ዲግሪ መያዝ፣ ልጅ መውለድም ቢሆን ግዴታ አይደለም። ክፍያው በብዙ ቦታ ለስሙ ያህል ነው፤ ጭራሽ የሌለበትም አለ። የእጩዎቹ ስም ከፕሬዚዳንቱ፣ ከሴናተሩና ከምክር ቤት አባሉ በታች ከወረቀቱ ግርጌ ይሰፍራል። ብዙ መራጭ እዚያ ሳይደርስ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።

ወንበሩ እንዲህ ቢናቅም ታሪኩ ናቂዎቹን አይደግፍም። የካንሳስ ሴቶች ለፕሬዚዳንት መምረጥ ከመቻላቸው ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ ከ1861 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በትምህርት ቤት ምርጫ ድምፅ ይሰጡ ነበር። የልጅ ነገር የእናት ነው ተብሎ የተከፈተላቸው ጠባብ በር መሆኑ ነው። እዚያው ካንሳስ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለያይቶ በማስተማሩ የተከሰሰው የቶፒካ ከተማ የትምህርት ቦርድ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዘር መለያየትን ሕገ ወጥ ያደረገበት ፍርድ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚሁ ክስ ስም ነው።

የወንበሩን ክብደት ለማየት ግን ከቨርጂኒያዋ አርሊንግተን የተሻለ ቦታ የለም። ካውንቲው ከዋሽንግተን የሚለየው በፖቶማክ ወንዝ ብቻ ሲሆን፣ በኮሎምቢያ ፓይክ መንገድ ግራና ቀኝ ለሚኖረው ሐበሻም ሰፈሩ ነው። በቨርጂኒያ የትምህርት ቦርድ ከላይ ይሾም እንጂ አይመረጥም ነበር። አርሊንግተን በ1947 ልዩ ፈቃድ አግኝቶ በግዛቱ ውስጥ ቦርዱን በሕዝብ ድምፅ ለመምረጥ የመጀመሪያው ሆነ። የተመረጠው ቦርድ በ1956 መጀመሪያ ላይ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ደረጃ በደረጃ አንድ ላይ የማስተማር ዕቅድ አወጣ። በሴናተር ሃሪ በርድ የሚመራው የግዛቱ የፖለቲካ ቡድን የ1954ቱን ፍርድ እስከ መጨረሻው እንቃወማለን ብሎ የተነሳበት ወቅት ነበርና ምላሹ አልዘገየም። የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በዚያው ዓመት የአርሊንግተንን የመምረጥ መብት ነጠቀ፤ ቦርዱም ወደ ሹመት ተመለሰ። ስለ ልጆች መቀመጫ የተሰጠ አንድ ውሳኔ የአንድን ካውንቲ ሕዝብ ድምፅ አሳጣው ማለት ነው። ያም ሆኖ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1959 አራት ጥቁር ተማሪዎች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ስትራትፎርድ ትምህርት ቤት ገቡ። የምርጫው መብት ግን ከዚያም በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተዘግቶ ቆየ። ግዛቱ አካባቢዎች በሕዝበ ውሳኔ ወደ ምርጫ እንዲዞሩ የፈቀደው በ1992 ነው። ዛሬ ያን ወንበር ተራ የሰፈር ጉዳይ የሚሉ ሰዎች፣ ሕግ አውጪዎቹ ያኔ ምን አስፈርቷቸው እንደነበር ቢጠይቁ ጥሩ ነው።

አሁን የአርሊንግተን ቦርድ አምስት አባላት አሉት። ሁሉም በመላው ካውንቲ ድምፅ ለአራት ዓመት ይመረጣሉ፤ ዘመናቸው የተሰባጠረ በመሆኑ በየዓመቱ ኖቬምበር አንድ ወይም ሁለት ወንበር ለውድድር ይቀርባል። ከሥራቸው 28 ሺህ ገደማ ተማሪና በዓመት ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ በጀት አለ። ለሐበሻ ወላጅ ይህ የሚያውቀው የወላጅ መምህር ህብረት ሊመስለው ይችላል፤ አይደለም። ህብረቱ ይመክራል፣ ገንዘብ ያዋጣል፣ ያስተባብራል። ቦርዱ ግን የትምህርት ቤቶቹን ዋና ኃላፊ ሱፐርኢንቴንደንቱን ይቀጥራል፣ ያሰናብታል፤ በጀት ያጸድቃል፤ የየትኛው ሰፈር ልጅ የት ትምህርት ቤት እንደሚገባ ድንበር ያሰምራል። በተለይ ይህ የመጨረሻው እንቅልፍ ይነሳል። ድንበሩ ሁለት መንገድ ሲገፋ ሙሉ ሰፈር ነቅሎ ስብሰባ ላይ ይመጣል፤ የቤት ዋጋም በትምህርት ቤቱ ስም የሚወጣና የሚወርድበት አገር ነውና ነገሩ የልጆች ብቻ አይደለም።

ቦርዱ የማይችለውም ብዙ ነው። በቨርጂኒያ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም፤ ዋናው ገንዘቡ የሚመጣው ከካውንቲው ምክር ቤት ነው። ፈተናውንና የትምህርት ይዘቱን መለኪያ የሚያወጣው ግዛቱ ነው። ስለዚህ «የመምህራንን ደመወዝ አሳድጋለሁ» የሚል እጩ በሌላ ሰው ኪስ ቃል እየገባ ነው። አብዛኛው እጩ ይህን የሚረዳው ከተመረጠ በኋላ ሲሆን፣ አንዳንዱ ደግሞ ቀድሞም ያውቃል፤ መራጩ እንደማያውቅም ያውቃል።

ውድድሩ የሚጀምረው በፊርማ ነው። በቨርጂኒያ እጩው በአካባቢው በመራጭነት የተመዘገቡ የ125 ሰዎች ፊርማ ከጁን ሦስተኛ ማክሰኞ ምሽት አንድ ሰዓት በፊት ለምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ማስገባት አለበት። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ የሚሰበስበው ሰው ግን ትርፍ ይዞ መሄድን ቶሎ ይማራል። አንዱ አድራሻ ከቀየረ በኋላ ምዝገባውን አላስተካከለም። ሌላዋ ገበያ የመጣችው ከፌርፋክስ ነው፤ ካውንቲው ሌላ ስለሆነ ፊርማዋ አይቆጠርም። በሐበሻ መደብር በራፍ ላይ ደግሞ እንጀራ በእጃቸው የያዙ አባት «የሀገራችን ልጅ ከሆነ እንዴት አንፈርም!» ብለው በደስታ ይፈርማሉ፤ በኪሳቸው ያለው ግን ግሪን ካርድ ነው። ፊርማ ያሰባሰበው ሰው ራሱ በየወረቀቱ ጀርባ ቃለ መሐላ ሰጥቶ በኖተሪ ፊት መፈረም አለበት፤ ይህን የረሳ እጩ የወረቀቱን ፊርማ ሁሉ ያጣል። እንጀራ እንደያዙት አባት ሁሉ ዜግነት የሌለው ወላጅ በትምህርት ቦርድ ምርጫ የሚሳተፍባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነሱ አንዷ ሳን ፍራንሲስኮ በ2016 ፈቅዳ ከ2018 ጀምሮ ስታስመርጥ ቆይታለች። ቨርጂኒያ ከእነዚህ ውስጥ የለችም።

በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ከእጩው ስም ጎን የፓርቲ ስም አይጻፍም። ሕጉ ቦርዱን ከፓርቲ ለማራቅ ያደረገው ነው። ሆኖም ፓርቲ በበሩ ሲከለከል በመስኮት ይገባል። በአርሊንግተን የዴሞክራቶች ኮሚቴ በጸደይ የራሱን ቅድመ ምርጫ አድርጎ የሚደግፈውን ሰው ይለያል፤ ድጋፉን ያገኘ ሰው ኖቬምበር ላይ የሚያሸንፍበት ጊዜ ይበዛል። እዚህ ላይ አንድ የአካባቢው እንቆቅልሽ አለ። ከነዋሪው ብዙ ሰው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ሲሆን፣ የ1939ኙ ሃች አክት የሚባለው ሕግ የፌዴራል ሠራተኛ የፓርቲ እጩ እንዳይሆን ይከለክላል። የትምህርት ቦርዱ ምርጫ ከፓርቲ ነጻ ነውና በሕጉ መሠረት ሊወዳደር ይችላል፤ የፓርቲን ድጋፍ ለማግኘት ከገባ ግን ችግር ውስጥ ይወድቃል። በወረቀት ላይ የተከፈተለት በር በተግባር ከፊት ለፊቱ ይጠባል። ይህ የፓርቲ ድጋፍ አሠራር በካውንቲው ለዓመታት ሲያከራክር የቆየ ነው።

ቅስቀሳው ራሱ ደጅ መጥናት ነው። እጩው የመራጮችን ስም ዝርዝር ይዞ ከበር በር ይዞራል፤ በሦስት ደቂቃ አንኳኩቶ፣ ራሱን አስተዋውቆ፣ በራሪ ወረቀት ትቶ ይሄዳል ተብሎ ይታቀዳል። ሐበሻ ቤት ከደረሰ ዕቅዱ ይፈርሳል፤ «ግባ ልጄ፣ ቡና ፈልቷል» የተባለ ሰው ሁለተኛውን ሳይጠጣ አይወጣም። በዚያች ሰዓት የሚሰማው ግን ከመድረክ ክርክር የበለጠ ነው። አውቶቡሱ ስለሚቀርበት ልጅ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ስለሚደወል ስልክ፣ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ስለማይመጣጠን የሒሳብ ክፍል ይነገረዋል። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጆች መረጃ ከሚያወጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ከስፓኒሽ፣ ከዐረብኛና ከሞንጎሊኛ ጋር። ወረቀቱ በአማርኛ መምጣቱ ግን ለሚጠየቀው ጥያቄ በአማርኛ መልስ የሚሰጥ ሰው አለ ማለት አይደለም፤ የቡናው ወሬ ብዙውን ጊዜ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ቨርጂኒያ ለምርጫ ዘመቻ በሚሰጥ መዋጮ ላይ ጣሪያ የላትም፤ የሚጠበቀው በሰዓቱ ማሳወቅ ነው። ትንሽ ዘመቻ የሚያወጣው ለበራሪ ወረቀት፣ ለፖስታና ሣር ላይ ለሚተከል የስም ሰሌዳ ነው። ወጪው ሌላ ቦታ ሰማይ ይነካል፤ በ2017 በሎስ አንጀለስ የትምህርት ቦርድ ምርጫ በአብዛኛው የውጭ ቡድኖች ያፈሰሱት ገንዘብ ተደምሮ 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር።

በምርጫው ቀን ደጋፊዎች ከድምፅ መስጫው በር 40 ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር ያህል ርቀው ይቆማሉ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ቅስቀሳ ክልክል ነው። በእጃቸው የሚዘረጉት የፓርቲዎቹ የናሙና ወረቀት ብዙ ጊዜ ውጤቱን ይወስናል፤ የፓርቲ ስም ባልተጻፈበት የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ማን የማን እንደሆነ ለመራጩ የሚነግረው እሱ ነውና። ድጋፍ የሌለው እጩ ያለው መሣሪያ ፊቱ ነው፤ ከማለዳ እስከ ምሽት እዚያው በብርድ ቆሞ እጅ ይጨብጣል።

አሸናፊው ቃለ መሐላ ፈጽሞ ጃንዩዋሪ 1 ሥራ ይጀምራል። ብዙም ሳይቆይ ሱፐርኢንቴንደንቱ የበጀት ሐሳቡን ያቀርባል፤ ለካውንቲው ምክር ቤት የሚቀርበው ጥያቄ፣ የሚቀነሰው ሠራተኛ፣ የሚጨመረው ክፍል ሁሉ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ስብሰባ ይመከርበታል። አዲሱ አባል እዚህ ሌላ ሕግ ያገኘዋል፦ በቨርጂኒያ ሦስት የቦርድ አባላት ስለ ቦርዱ ጉዳይ አብረው ከተነጋገሩ ስብሰባ ነው ተብሎ ይቆጠራልና ቀድሞ ለሕዝብ ማስታወቅ ግዴታ ይሆናል። ከአምስቱ ሁለቱ ማኪያቶ ይዘው ስለ አውቶቡስ መስመር ቢያወሩ ችግር የለውም፤ ሦስተኛው ወንበር ስቦ ከተቀመጠ ግን ወሬውን ወደ አየሩ ሁኔታ መለወጥ ይኖርባቸዋል።