ሠርግ በጀውሃ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣ መንገደኛ ጀውሃን የሚያውቃት ከመኪና መስኮት ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ምሳ በልቶ፣ ማንጎና ፓፓያ በፌስታል ይዞ፣ ሾፌሩ አጣዬን እያሰበ ሲነዳ ጥቂት ሱቅ፣ ጥቂት ባጃጅ፣ ከዚያ ድልድይ፤ አለፈ። እኔም ለዓመታት እንዲያ ነበር የማውቃት። ባለፈው ጥር ግን፣ መንገዱ ክፍት ነው በተባለበት ሳምንት፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የወንድሙን ሠርግ ምክንያት አድርጎ ይዞኝ ወረደ።

ወረደ ያልኩት በምክንያት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደራርበን ቁርስ በላን። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው የሠሩትን የጣርማበርን ዋሻ ስናልፍ ጉሙ መኪናው ውስጥ የገባ ይመስል ነበር። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን፤ አርማንያ ስንደርስ ጃኬት ወለቀ፤ ሮቢት ላይ የሸሚዝ እጅጌ ተጠቀለለ። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ ብርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ በአንድ ቁልቁለት መውረድ ጆሮ ይደፍናል።

ጀውሃ ያለችበት የይፋት ቆላ በጥር ደርቆ ይቆያል። ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየጓሮው ተከምሯል፤ ወፍ ጠባቂዎች ወንጭፍ ይዘው ቀኑን ሙሉ ሲጮኹበት የከረሙት ማማ ባዶውን ቆሟል። ማሾው ለነጋዴ ወጥቷል፤ እጅ ላይ ጥቂት ብር አለ። ጥምቀት አልፏል፣ ዐቢይ ጾም አልገባም። ሠርግ ሁሉ በዚህ ክፍተት ውስጥ ይጠቀጠቃል። የሙስሊሙ ሠርግም ቢሆን ረመዳን ካልተጋጨበት በዚሁ ወቅት ነው፤ ጎተራ ሲሞላ መደገስ ሃይማኖት አይለይም።

ሙሽራው የክርስቲያን ልጅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደጁ ስንደርስ ዳሱ ተጥሏል፤ ድንኳኑና አግዳሚው የቅሬው ንብረት ነው። አዲስ አበባ ዕድር የሚባለውን እዚህም እንደ ወሎ ቅሬ ነው የሚሉት። የመንደሩ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፣ በአንድ ቅሬ ይዳራል። ከዳሱ በስተግራና በስተቀኝ ግን ሁለት ወጥ ቤት ተሠርቷል፤ በመካከላቸው አንድ የግራር ዛፍና ሃያ እርምጃ ያህል ቦታ አለ። ለሁለት ቀን ዓይኔ ያረፈው ሃያ እርምጃው ላይ ነበር።

ለክርስቲያኑ አንድ ሰንጋ፣ ለሙስሊሙ አንድ ወይፈንና ሁለት ፍየል ተገዝቷል። ገንዘቡን የከፈለው ደጋሹ ነው፤ የሙስሊሙን ከብት ግን ደጋሹ አይነካም። ከጎረቤት አንድ ሼህ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የራሳቸውን ቢላዋ ይዘው መጡ። ወይፈኑ ፊቱን ወደ ቂብላ አድርጎ ተጣለ። ቂብላው እዚህ ለማንም አያደናግርም፤ ጀውሃና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ማለት ስለሚቻል አቅጣጫው ሰሜን ነው፣ የደሴው መንገድ በሚሄድበት። ሼሁ «ቢስሚላሂ አላሁ አክበር» ብለው ባረኩ። ከግራሩ ወዲያ ማዶ ደግሞ አንድ ጎልማሳ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ሰንጋውን ባርኳል። ሁለቱም ወገን ሥራውን ጨርሶ ብልት ማውጣት ሲጀምር ፉክክሩ መጣ፦ የማን ከብት ስብ አለው፣ የማን አራጅ ቆዳ ሳይበሳ ገፈፈ። ሼሁ ከዚህኛው ወገን ቆዳ ላይ ሁለት ቀዳዳ ቆጥረው በዱላቸው አሳዩ። ሳቁ እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

ማታ ወጥ ቤት ሄጄ ተቀመጥኩ፤ እንግዳ ስለሆንኩ ማንም አልከለከለኝም። የማይለያየው ብዙ ነው። እንጀራውን የሁለቱም ቤት ሴቶች ተቀላቅለው ጋግረውታል፤ ሽሮው፣ አይቡ፣ ቅቤው፣ ቡናው የጋራ ነው። የሚለየው ሥጋውና ሥጋ የነካው ነገር ሁሉ ነው፦ ብረት ድስት፣ ቢላዋ፣ መክተፊያ፣ ጭልፋ፣ ማማሰያ፣ ሰሃን። ቅሬው ሰሃኑን በሁለት ሣጥን ነው የሚያስቀምጠው፤ የሙስሊሙ ሣጥን ጠርዝ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ጠላና ቀሪቦም በቢጫ ጀሪካን ነው የተሞሉት፤ ከሩቅ አይለዩም። ስለዚህ የጠላው ጀሪካን አንገት ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

እኩለ ሌሊት ሲቃረብ አንዲት አሥራ ሦስት ዓመት ያህል የሚሆናት ልጅ፣ እንቅልፍ እያዳፋት፣ የክርስቲያኑን ማማሰያ እንደያዘች ግራሩን አልፋ ወደዚያኛው ድስት ስትሄድ አንዲት አሮጊት ከጉልቻው ሥር ሆነው ጮኹ፦

«አንቺ ልጅ! በየትኛው ማማሰያ ነው?»

ሁሉም እጅ ባለበት ቆመ። ልጅቱ ማማሰያውን ወደ ላይ እንዳነሳች ደርቃ ቀረች። ድስቱ ጋ አልደረሰችም ነበር። ከዚያኛው ወጥ ቤት አንዲት ሴት መጥተው ክዳኑን ከፍተው አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከደኑ። «አልነካም፣ እማማ፤ ይተዉዋት፣ እንቅልፍ ነው» አሉ። የጮኹት አሮጊት ክርስቲያን ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። ሲጠብቁት የነበረው የሰው ድስት ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን አልተኙም፤ እስኪነጋ በርጩማቸውን ግራሩ ሥር አድርገው እንደ ኬላ ጠባቂ ተቀመጡ።

በቴሌቪዥን «መቻቻል» በተባለ ቁጥር ቄሱና ሼሁ ተቃቅፈው ይታያሉ። መተቃቀፍ ቀላል ነው፤ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሁለት ሣጥን ሰሃን ለብቻ ማጠብ፣ ሁለት ጊዜ ውኃ ማስቀዳት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሰው ማማሰያ መጠበቅ ሥራ ነው፤ ሴቶቹ ናቸው የሚሠሩት፤ ካሜራም ወደ ወጥ ቤት አይገባም። የሁለት ሃይማኖት መቀራረብ ሌላም አገር አለ፤ በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ፣ ወደ ሰባሪማላ ተራራ የሚወጡ የሂንዱ ምእመናን መጀመሪያ ኤሩሜሊ ላይ የቫቫርን መስጊድ ይሳለማሉ። የጉዞው ትልቁ ቀንም በኛ ጥር መግቢያ ገደማ ነው የሚውለው። በጃንሆይ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩን ሕንዶች ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ አገር ስለሆነ ነገሩ ሩቅ አይመስለኝም። ግን ያ መሳለም ነው፤ የጀውሃው መመገብ ነው፣ የከበደውም እሱ ይመስለኛል።

እሑድ ሙሽሪት ገባች። ሚዜዎቹ ላባቸውን እየጠረጉ ጨፈሩ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ክላሽ ተተኮሰ። ተኩሱን አልወደድኩትም። ከአጠገቤ የነበሩ ሰውዬም ትከሻቸው ሲሸማቀቅ አየሁ፤ እዚህ አካባቢ የጥይት ድምፅ ወዲያው ወደ ደስታ አይተረጎምም። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ተቃጥላለች። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ገብቷል። በሁለቱም ጊዜ ሰው ከብቱን እየነዳ፣ ልጁን አዝሎ ወጥቷል። የሙሽራው አባት፣ «የቅሬው ደብተርና አረንጓዴ ጠርዝ ያለው ሣጥን የተረፈው በሼሁ ቤት ነው፤ የእኔ ቤት አልተረፈም» አሉኝ። ስለ ቀሪው መናገር አልፈለጉም፤ እኔም አልገፋሁም።

አሳላፊዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ በሁለት ረድፍ ይገባሉ። ሰው በአንድ ዳስ ተቀላቅሎ ስለሚቀመጥ አሳላፊው የመንደሩን ሰው በፊቱ ያውቀዋል፤ እንግዳውን ዝቅ ብሎ በጆሮው፣ «ወጡ ከየትኛው ይምጣልዎ?» ይለዋል። ከጎኔ የተቀመጡ ሐጂ ከእኔ ጋር በአንድ ሌማት ቀረቡ፤ የእኔ ወጥ በእኔ በኩል፣ የሳቸው በሳቸው በኩል፣ መሐሉ ላይ ሽሮና አይብ። እሳቸው አይቡን ወደ እኔ እየገፉ፣ «ብላ እንጂ፣ የከተማ ልጅ» አሉ። ቄሱ መረቁ፤ ቀጥለው ሼሁ መረቁ። «አሜን» እና «አሚን» እኩል ስለሚወጡ የዳሱ ድምፅ አንድ ላይ ነበር የሚነሣው። በር ላይ ጠረጴዛ ተደርጎ የስጦታ ብር በደብተር ይመዘገባል። ደብተሩ ብድር ነው፤ ነገ የሌላው ልጅ ሲዳር ተገልጦ ይታያል።

ሁሉም እንዲህ ነው ብዬ አልጽፍም። ከሮቢት የመጡ ሁለት ጎረምሶች ሽሮውንም አልነኩም፤ ሚሪንዳ ብቻ ጠጥተው ወጡ። ሐጂው በዓይናቸው ሸኟቸው፤ «በእኛ ጊዜ ሥጋውን ነበር የምንለይ፤ አሁን ሽሮው ተጨመረ» አሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወገንም እንዲሁ የሙስሊም ጎረቤቱን ቤት ለቡና መርገጥ ያቆመ እንዳለ ባለቤቶቹ ራሳቸው ነገሩኝ። የሚለያየው እየበዛ በሄደ ቁጥር ሣጥኑ ብዙ ይሆናል፤ የሚያጥበው ሰው ግን አይበዛም።

ማታ ሼሁ ቤት ለዱዓ ተጠራሁ። ዕጣን ጨሰ፣ ጫት ቀረበ፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሄደ። የጫቱ ነገር አሳቀኝ። በ14ኛው መቶ ዘመን የአምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ጸሐፊ የይፋቱን ገዥ ሰብረዲንን ሲከስ፣ የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ ፎከረ ብሎ ጽፎበታል። ጸሐፊው ይህን የቆጠረው እንደ ትልቅ ድፍረት ነው። የይፋት ሡልጣኔት ፈራርሷል፤ መስጊዱና መቃብሩ በየኮረብታው ፍርስራሽ ሆኖ ይታያል። ጫቱ ግን እነሆ፣ የሙሽራው አባት፣ ባለ ማተቡ፣ ከሼሁ ጎን ተደግፈው አንድ ቀንበጥ እየቀነጠሱ የሠርጉን ወጪ ይደምራሉ።

ሰኞ ጠዋት ቅሬው ንብረቱን ተረከበ። የቅሬው ዳኛ ሁለቱን ሣጥን አስከፍቶ ሰሃን በሰሃን ቆጠረ። ከአረንጓዴው ሁለት ጎድሏል። ደጋሹ ይክፈል ተባለ፤ ደጋሹ ደግሞ «የበላሁበት ሰሃን አይደለ፣ እንዴት ነው እኔ የማጠፋው?» ብለው ተከራከሩ። ሼሁ ነገሩን ሰምተው መጡና ሁለቱ ሰሃን ማታ ለዱዓ እሳቸው ቤት እንደቀሩ፣ አሁን ሳሙና ላይ እንደሆኑ ተናገሩ። ዳኛው ግን ያልደረሰ ሰሃን የደረሰ አይባልም ብሎ በደብተሩ ላይ «ሁለት ይቀራል» ብሎ ጻፈ፤ የእኛም መኪና ጥሩንባ እየነፋ ይጠራን ነበርና የክርክሩን መጨረሻ አልሰማሁም።