ከኋላ ወንበር ጀርባ የጠፋ ድምፅ

እህል በረንዳ ጎህ ሳይቀድ የሚነቃ የአዲስ አበባ ሰፈር ነው። ከአድአ፣ ከበቾ፣ ከጎጃም ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ ጭነት በዚያ ሰዓት ይራገፋል። ኩንታል ከአይሱዙው ጀርባ ወደ ተሸካሚው ትከሻ፣ ከትከሻው ወደ መጋዘኑ ወለል ሲወርድ መሬቱ ይመታል። የደላላው ጥሪ፣ የጋሪው ጎማ፣ የአንዋር መስጊድ አዛን፣ የራጉኤል ደወል፣ ይህ ሁሉ ጆሮ የሚይዘው ነው። ከሁሉም ሥር ግን ጆሮ ልብ የማይለው፣ ደረት የሚያውቀው ሌላ ድምፅ አለ፤ ተራውን የሚጠብቅ የዲዝል መኪና ጉርምርምታ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ቆሞ በደቂቃ 600 ጊዜ ሲዞር በየሰከንዱ 30 ጊዜ ይተኩሳል፤ 30 ኸርዝ ማለት ነው። የእህል በረንዳ አሮጌ ባለውለታ ኤንትሬው፣ ፊያት 682፣ እንዲህ ባለ ስድስት ነበር። የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 ኸርዝ ጀምሮ ስለሆነ የኤንትሬው ድምፅ ከመስሚያችን ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ ይተኛል። በመኪና ውስጥ ሳብዉፈር ለሚባለው ስፒከር የተሰጠውም ሥራ ይኸው ነው፤ ከ20 እስከ 100 ኸርዝ ግድም ያለውን መሸከም። እዚህ ሰፈር መኪናውን አቁሞ የሚውል ሰው ሳብዉፈሩ ቢሞትበት ቶሎ ላያውቅ የሚችለውም ለዚህ ነው። የሞተውን ስፒከር ቦታ መንገዱ ይሞላለታል።

መጋዘናቸው እዚያው የሆነ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው የእህል ነጋዴ የገጠማቸው ይህ ነው። መኪናቸው ሃያ ዓመት አልፎታል። በዘመኑ የቅንጦት ነበር፤ የቆዳ ወንበር፣ የጣሪያ መስኮት፣ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ፣ ከመስታወቱ ሥር ደግሞ ከፋብሪካ የመጣ ሳብዉፈር። ይህን በሌላ መተካት ዛሬ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ የቤት መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ዕድሜው በጠጋኙ እጅ ላይ ነው፤ ድምፁም እንደዚሁ።

ጋሼ «ባሱ ጠፋ» አላሉም። ያሉት «ዘፈኑ ከሳ» ነው። ልክ ናቸው። 40 ኸርዝ የሆነ ድምፅ በአየር ላይ አንድ ሞገዱ ብቻ ከስምንት ሜትር በላይ ይረዝማል፤ መኪናው ራሱ አምስት ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ ለይቶ አያመለክትም። ሳብዉፈሩ ከኋላ ተቀምጦ ሲሠራ ሰሚው ባሱ ከፊት፣ ከዘፋኙ እግር ሥር የመጣ ይመስለዋል። ዝም ሲልም «ከዚህ ቦታ አንድ ነገር ጎደለ» የሚያሰኝ ምልክት አይተውም። የፋብሪካው መሐንዲስ ዝቅተኛውን ድምፅ ከበር ስፒከሮች ነጥሎ ለኋለኛው ብቻ ስለሰጠው፣ እሱ ሲቀር ሸክሙን የሚጋራው የለም።

ፋብሪካ የመኪናን የውስጥ ቅርጽ ለክቶ ድምፅ መሥራት የጀመረው ብዙም አልራቀም። ጀነራል ሞተርስና ቦዝ በ1983 እ.ኤ.አ. ሞዴል ካዲላክ ሴቪልንና ጥቂት ሌሎች መኪኖችን እንዲህ ባለ ቴፕ አወጡ። ሌክሰስ በ1989 እ.ኤ.አ. ኤልኤስ 400ን ይዞ ሲመጣ ለሚፈልግ ገዢ ናካሚቺን አቀረበ። እነዚህ ሰዎች ወንበሩ ምን ያህል ድምፅ እንደሚውጥ፣ መስታወቱ ምን ያህል እንደሚመልስ አስልተው ነው ስፒከሩን የመረጡት። እኔ በግሌ ይህን ልፋት አከብራለሁ። ከፋብሪካ የመጣውን ሳብዉፈር ሳይመረምሩ ነቅሎ ጥሎ ግዙፍ ሣጥን ከኋላ መጫን ያሳዝነኛል። ሣጥኑ መንገደኛውን ያስደነግጥ ይሆናል እንጂ የዘፈኑን ልክ አያውቅም።

ጋሼም መጀመሪያ የተመከሩት ይህንኑ ነበር፤ ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየርም ስፒከሩም ይውጣ፣ በቦታው የአንድሮይድ ስክሪንና ሣጥን ይግባ። ቀብድ ሊከፍሉ ሲሉ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይየው ብዬ ለመንኳቸው። የልጁን አሠራር ቆሜ ስመለከት የታዘብኩት ከጋሼ ከራሳቸው ሥራ ጋር ያለውን ዝምድና ነው። ጋሼ ጤፍ ሲገዙ ከኩንታሉ አፍ ያለውን አይተው ዋጋ አይቆርጡም፤ ከሥር ያወጣሉ፣ በመዳፋቸው ያሻሉ፣ እፍ ብለው ገለባውን ያያሉ፣ ያሸታሉ፤ ማኛ ነው ሰርገኛ የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው። ልጁም ገንዘብ ከማያስወጣው ጥያቄ ጀምሮ ወደሚያስወጣው ነው የሄደው።

መጀመሪያ ሞተሩን አጠፋ፤ ከፊት የቆመውን አይሱዙ ሾፌርም ለጥቂት ደቂቃ እንዲያጠፋ ለመነው። ቴፑ ላይ የባሱንና የፊትና የኋላውን ማስተካከያ አየ። አንድ ሰው ሳያውቅ ድምፁን ወደ ፊት ብቻ ገፍቶት ከሆነ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ከዚያ እጁን የሳብዉፈሩ ወንፊት ላይ አሳርፎ ዘፈን አስጀመረ። «ጋሼ፣ ጆሮዎን ይተዉት፤ እጅዎን ያምጡ» አላቸው። ምንም ንዝረት የለም።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ በቴስተር ለካ፤ በዓይን ብቻ አይቶ ደህና ነው አላለም። ደህና ነበሩ። ቀጥሎ ያለውን ብዙ ባለሙያ የሚዘለው ይመስለኛል። «የበሮቹን ስፒከሮች የሚያዘፍነውም ይኸው አንድ አምፕሊፋየር ነው። እነሱ እየዘፈኑ ነው። ስለዚህ መብራት ይደርሰዋል፣ ከቴፑም ትእዛዝ ይደርሰዋል። የጠፋው ወደ ሳብዉፈሩ የሚሄደው መስመር ብቻ ነው» አለ። በእነዚህ ጥቂት ቃላት የጥርጣሬውን ግማሽ አስወገደው። ቴፑ በሌላ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው ወደዚያ በዞረ ነበር፤ አዲስ ስክሪን ሲገጠም የሳብዉፈሩ ሽቦ ሳይያያዝ የሚቀርበት መኪና ብዙ ነው።

ከኋላ የዕቃ መጫኛው ገብቶ፣ በጀርባው ተንጋሎ የስፒከሩን ሶኬት ነቀለ። ቴስተሩ አራት ኦም ሊሞላ ጥቂት የቀረው አሳየ፤ በስፒከሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅልል ቢበጠስ ኖሮ ምንም አያነብም ነበር። ከኪሱ አንድ የባትሪ ድንጋይ አወጣ፤ 1.5 ቮልት ብቻ ነው። በሁለት ቁራጭ ሽቦ የስፒከሩን እግሮች ለቅጽበት ነካ፤ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ዱም የሚል ድምፅ ወጣ። ጋሼ «አለ!» ብለው ጮኹ። ልጁ ጠርዙንም በጣቱ ዳበሰ። ስፖንጅ ጠርዝ በፀሐይና በዕድሜ ይፈረካከሳል፤ የዚህኛው ላስቲክ ስለነበር አልተጎዳም።

እንግዲህ ስፒከሩ ሕያው ነው። እህል መጋዘን አጠገብ በሚያድር መኪና ሁለተኛው ተጠርጣሪ አይጥ ነው፤ ሽቦ ይቆረጥማል። መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ፤ አልተበላም። የቀረው በግራ በኩል ከምንጣፉ ጀርባ የተደበቀው አምፕሊፋየር ነበር። ምንጣፉን ሲገልጠው እርጥብ ነው። ሶኬቱን ሲነቅል የሳብዉፈሩ ሁለት እግሮች አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል፤ አንደኛው ከሥሩ ብየዳው ተሰንጥቋል።

አሁን ጥያቄው ውሃው ከየት መጣ የሚለው ሆነ። በእኔ እምነት ጥገና ማለት ይህ ጥያቄ ነው፤ ዝገቱን ጠርጎ ገንዘቡን የሚቀበል ባለሙያ መኪናውን ለሚቀጥለው ክረምት ቀጠሮ ይዞለት ነው የሚሄደው። የጣሪያ መስኮት ዝናብን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። ዙሪያውን ባለው ቦይ የገባውን ውሃ በአራቱ ማዕዘን ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ታች ያወርዳል። የጋሼ መኪና ዓመት እስከ ዓመት ከመጋዘኑ በር ፊት ይቆማል። ገለባ ይነፋበታል፣ ጤፍ ሲገለበጥ ብናኙ ያርፍበታል። ብናኙ ቦዩ ውስጥ ከዝናብ ጋር ተለውሶ ጭቃ ሆኗል፤ የግራ የኋላ ቱቦ ተደፍኗል። ሐምሌና ነሐሴ የጣለው ውሃ መሄጃ ሲያጣ በምሰሶው ውስጥ ወርዶ አምፕሊፋየሩ እግር ሥር ተኝቷል።

ልጁ የመኪናውን ባትሪ ፈታ። አምፕሊፋየሩን አወጣው፣ ከፈተው፣ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጸዳው፣ የተሰነጠቀውን እግር እንደገና በየደው፣ እስኪደርቅም ጊዜ ሰጠው። ቱቦውን በኃይለኛ አየር አልነፋውም፤ አየሩ ቱቦውን ከመጋጠሚያው ሊያስለቅቀው ይችላል። በለስላሳ የናይለን ገመድ ቀስ ብሎ ከፈተው፤ ከመኪናው ሥር ጥቁር ውሃና ያበጠ ጤፍ ወጣ።

ሁሉም ነገር ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ ጋሼ የመረጡት ማህሙድ አህመድ በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ባንድ ጋር የቀረፀውን «ኧረ መላ መላ» ነበር። የባንዱ ቤዝ ጊታሪስት ጆቫኒ ሪኮ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ግድም ነው፤ የበር ስፒከር ብቻውን የሚያነሳው ሸክም አይደለም። ጋሼ እጃቸውን ወንፊቱ ላይ አድርገው አዳመጡ፤ ወደ እኔም ዞረው «ይሄ ሰውዬ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አሉኝ። እኔም በሕይወቴ ብዙ ጊዜ የሰማሁትን ዘፈን የቤዙን መስመር ብቻ እየተከተልኩ እንደ አዲስ ሰማሁት። ዘፋኙ ሲያቃስት ቤዙ አይከተለውም፤ ከሥር ሆኖ መንገዱን ይዞ ይጠብቀዋል። ያለዚያ መስመር ያ ዘፈን ግማሽ ነው፤ ጋሼ ክረምቱን ሙሉ የሰሙትም ግማሹን ነበር።

ሂሳብ ሲከፈል ልጁ «ጋሼ፣ መኪናውን ከመጋዘኑ በር ራቅ አድርገው ያቁሙት» አላቸው። ጋሼ አልተስማሙም፤ ጭነት ሲራገፍ ከበሩ አይርቁም፣ መኪናቸውም ከዓይናቸው አይርቅም። ጥቂት ተከራከሩና ሰኔ ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ መጥቶ አራቱንም ቱቦ እንዲጠርግ ተስማሙ። የጠራው ዋጋ ከዚያን ቀኑ ጥገና በእጅጉ ያንስ ነበር። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ትንሽ ቀነስ አስደረጉት።