የቅዳሜ ወጪ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ከኖርዌይ፣ ከበርገን ከተማ ደወለችልኝ። ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው። ትምህርቱ እንዴት ነው ስላት «ደህና ነው ጋሼ»፤ ጤናሽስ ስላት «ደህና ነኝ»። «ቅዳሜና እሑድስ ምን ታደርጊያለሽ?» ስላት ግን ዝም አለች። ቆየት ብላ፣ «ክፍሌ ነኛ! መውጣት ገንዘብ ነው» አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። የእኔው ቃል ነበረችና።

እኔም በ1992 ዓ.ም. እዚያችው ከተማ በስኮላርሺፕ ተምሬያለሁ። ያኔ እያንዳንዷን ክሮነር በልቤ ወደ ብር እመነዝር ነበር። አንድ ስኒ ቡና? የእናቴ የሳምንት አስቤዛ። የአውቶቡስ ቲኬት? የታናሽ ወንድሜ ደብተር። እንዲህ እያሰላ የሚኖር ሰው እንግዲህ የት ይወጣል? ከክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታ። በመስኮቴ ተራራ ይታየኛል። ቅዳሜ ሲደርስ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ነፍሰ ጡሯ ሳትቀር የጀርባ ቦርሳ አዝሎ ወደዚያ ይጎርፋል። እኔ ደግሞ «አዬ ሀብታም!» እያልኩ መጋረጃዬን እዘጋለሁ። ተራራ መውጣትም እንደ ሲኒማ በር ላይ የሚከፈልበት ይመስለኝ ነበር።

ልመለስ አንድ ወር ሲቀረኝ አንዲት የክፍሌ ተማሪ «ፍሎየን እንውጣ» አለችኝ። «መግቢያው ስንት ነው?» አልኳት። ሳቀችብኝ። በርግጥ ከ1918 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው እያሳፈረ ወደላይ የሚጎተት ባቡር አለ፤ እሱ ያስከፍላል። የእግር መንገዱ ግን ማንንም አይጠይቅም። አንድ ሰዓት ያህል ሄደን 320 ሜትር ከፍታ ላይ ደረስን። እሷ ከፔርሙዝ ቡና ቀዳች፤ እኔ እናቴ የላከችልኝን ቆሎ አወጣሁ። ቆሎውን አፌ ውስጥ እንዳደረግሁ እንባዬ መጣ።

ለምን በሉኝ። ያደግሁት ከሚሴ ቢሆንም ትምህርት ሲዘጋ የምላከው ጂሌ፣ አያቴ ዘንድ ነበር። እሑድ እሑድ ጎህ ሳይቀድ ተነስተን ሰንበቴ ገበያ እንወርዳለን፤ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ። ስንቃችን የማሽላ ቆሎና ውኃ ነው። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ እዚያ ይገናኛል። አያቴ የሚሸጡት ነገር ባይኖራቸውም ይወርዳሉ፤ ሰው ለማየት። ከሚሴ ስመለስ ደግሞ ቦርከና ወንዝ አለ። በበጋ ከአፋር የሚመጣው ከብት ጨፋ ሜዳ ላይ ሲሰማራ ቁጭ ብሎ ማየት አለ። ማን «ሽርሽር» ብሎት ያውቃል? ያለ አምስት ሳንቲም አገር ሳይ ያደግሁ ሰው፣ በሰው አገር ሁለት ዓመት ሙሉ መጋረጃ ዘግቼ ተቀመጥኩ። ያስለቀሰኝ ይኸው ነው።

ኖርዌጅያኖች ይህን ነገር በሕግ አስፍረውታል። በ1957 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕጋቸው መሠረት፣ ያልታረሰ መሬት ላይ፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ዜጋውም የውጭ ተማሪውም በእግሩ መሄድ ይችላል። ከመኖሪያ ቤት 150 ሜትር ርቆ ድንኳን ቢተክልና ሁለት ሌሊት ቢያድር ጠያቂ የለውም። በ2023 እ.ኤ.አ. እንደኛ ካሉ አገሮች በሚመጡ ተማሪዎች ላይ የትምህርት ክፍያ ጥለዋል፤ ተራራው ላይ ግን ክፍያ አልጣሉም።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት። «ዝናቡስ?» አለችኝ። በበርገን በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ እስኪያባራ ከጠበቀች ዲግሪዋን ይዛ ትመለሳለች እንጂ አትወጣም። ከሰልባጅ ሱቅ የዝናብ ልብስ ግዢ አልኳት። ጫማ እንዳያንሸራትት፤ ብቻሽን አትሂጂ፤ ከመንገዱ አትውጪ። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስለምትጠልቅ ጠዋት ውጪ። ድንኳንና የጀርባ ቦርሳ መግዛት አያስፈልግሽም፤ እንደ መጽሐፍ በነፃ የሚያውሱ ጣቢያዎች አሉ። ስንቅሽን ከቤት ያዢ።

ከዚያ ከሚሴ ላለችው እህቴ ደወልኩ፤ ልጅቷ የምትፈራው የእናቷን ወቀሳ መሆኑን ጠርጥሬ። እውነትም እህቴ መጀመሪያ ተቆጣች። «ተራራ ለማየት ነው እንዴ የላክናት?» አለችኝ። ቀጥላ ዝም አለች። በ2013 ዓ.ም. በአካባቢው ግጭት ተነስቶ ነበር፤ በ2014 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ከሚሴ ገባ። እሷ ይህን ሁሉ እዚያው ሆና ነው ያሳለፈችው።

«እኛ እዚህ ስንት ጊዜ ሰንበቴ መሄድ እየፈለግን መንገዱን ፈርተን ቀርተናል» አለችኝ በመጨረሻ። «እግር አለን፣ ስንቅ አለን፤ የጠፋው ሌላ ነው። እሷ የሚያስፈራት ከሌለ ምን አስቀመጣት? ትውጣ! ለእኔም ትይልኝ።»

ለካ መንገድን ውድ የሚያደርገው የቲኬት ዋጋ ብቻ አይደለም። የእህቴን መልእክት እንዳለ ለልጅቷ አደረስኩ።

እሑድ ማታ ደወለችልኝ። ታለከልካለች፤ ከኋላዋ የሰው ሳቅ ይሰማል።

«ስንት አወጣሽ?» አልኳት።

«ምንም! ግን ጋሼ፣ ቆሎዬን ጨረሱብኝ። ለእማዬ ንገርልኝ፣ ሌላ ትላክልኝ።»