ማነከሱን ተወ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

ዛሬ ስለ ሰብል አላወራችሁም፣ ስለ ፈረስ ነው የማወራችሁ። ፈረሳችሁ የፊት እግሩ ላይ፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ በውስጥ በኩል ጠንከር ያለ እብጠት አውጥቶ ማነከስ ከጀመረ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ረዘም ይላል፤ ፈረስም የዋዛ ንብረት አይደለም።

ይህ ጥያቄ ከጥር ጀምሮ ይበዛብኛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሬቱ ደርቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ እህል የሚጓጓዘው ያኔ ነው፤ ሠርጉም፣ ጥምቀቱም፣ ጉግሱም ያኔ ነው። በአዊ ጥር 23 ቀን ፈረሰኛው በሙሉ አደባባይ ይወጣል። ያምራል፣ ልብ ይሞላል። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ሣር ላይ የቆየ ጎረምሳ ፈረስ በአንድ ቀን በደረቅ መሬት ላይ ሲጋለብ እግሩ ይቀጣል። ከተማ አካባቢ ያላችሁት ደግሞ በአስፋልትና በኮብልስቶን ላይ ጋሪ ስለምታስጎትቱ ችግሩ ወቅት አይመርጥላችሁም።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንወቅ። ከጉልበት በታች ያለው የፈረስ የፊት እግር አጥንት አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። መሃል ላይ ወፍራሙ ዋናው አለ። ከእሱ ጀርባ በግራና በቀኝ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ተለጥፈዋል። ከጉልበት ይነሱና እየሰለሉ ወርደው ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሳይደርሱ ያልቃሉ። ጫፋቸው ላይ እንደ አተር ያለች ጉብታ አለች፤ እሷ በሽታ አይደለችምና እንዳታስደነግጣችሁ።

ፈረሱ ወጣት ሳለ እነዚህን ቀጫጭን አጥንቶች ከዋናው ጋር የሚያይዛቸው ጅማት ነው። ዕድሜው ሲገፋ ጅማቱ ቀስ በቀስ ወደ አጥንት ይለወጥና ይጋጠማሉ። ጣጣው የሚመጣው ጅማቱ ሳይጠነክር ሥራ ሲበዛበት ነው። ይሳባል፣ ይቆጣል፣ ቦታው ይግላል። ሰውነት ደግሞ የላላውን ለማጥበቅ እዚያው ላይ አዲስ አጥንት ይሠራል። የምታዩት እብጠት ያ ነው። ሐኪሞች ስፕሊንት ይሉታል። በውስጥ በኩል የሚበዛውም ከጉልበት የሚወርደው ክብደት በውስጠኛው ቀጭን አጥንት ላይ ስለሚያርፍ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ፈረሱ ሲሄድ አንዱ ኮቴው ሌላውን እግር እየመታው፣ ወይም ሌላ ፈረስ ረግጦት ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እብጠቱ ራሱ ጠላታችሁ አይደለም። የቀዘቀዘና የማያም እብጠት ይዘው ዕድሜ ልካቸውን የሚሠሩ ፈረሶች ሞልተዋል። ጠላታችሁ ሕመሙ ነው። ሕመም መኖር አለመኖሩን የምታውቁት በዓይን ብቻ አይደለም፤ በአውራ ጣታችሁ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ጧት ሥራ ሳይጀመር አንድ ሰው ፈረሱን ላላ ባለ ገመድ ይዞ በደልዳላ ጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ይምራው። እናንተ ራሱን ተመልከቱ። የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ቀና ያደርጋል፤ ደህናው ሲረግጥ ዝቅ ያደርጋል። እግሩን ለያችሁ ማለት ነው። ቀጥሎ ከጎኑ ቁሙ፤ ከፊቱ እንዳትቆሙ። የእጃችሁን ጀርባ በቅልጥሙ ላይ አስነኩና ሙቀቱን ከሌላው እግር ጋር አመዛዝኑ። ከዚያ እግሩን አንሱና ጉልበቱን አጥፋችሁ በቀጭኑና በወፍራሙ አጥንት መካከል ባለው መስመር ላይ አውራ ጣታችሁን ከላይ ወደ ታች እየተጫናችሁ አውርዱ። እግሩን ከነጠቃችሁ ቦታዋን አገኛችኋት። በደህናው እግርም በዚያው ኃይል ተጫኑት። በሁለቱም የሚነጥቅ ከሆነ ጠባዩ ሊሆን ይችላል፤ ባንዱ ብቻ ከነጠቀ ሕመም ነው።

አንድ ወጣት ባለ ጋሪ አውቃለሁ፤ ከተማ ውስጥ ውኃና አሸዋ እያመላለሰ እናቱንና ታናናሾቹን የሚያስተዳድር። ፈረሱ በጥርሱ ሲታይ ገና አራት ዓመት አልሞላውም ነበር። ጠርቶኝ ስሄድ እብጠቱ የእንቁላል ግማሽ ያህላል፤ ብረትም እሳት ውስጥ ገብቶ ይግላል፤ ሊተኩሱት ነው። ብረቱን አውጡት ብዬ ዕረፍት ብቻ እንደሚያስፈልገው ስነግረው ምን አለኝ መሰላችሁ? «ጋሼ፣ እሱ ሲያርፍ እኛ ምን እንበላለን?»

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። «አሳርፉት» ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ከኪሴ የሚወጣ ነገር የለም። ስለዚህ ቁጭ ብለን አብረን አሰላን። ስድስት ሳምንት ገቢ ማጣት ከባድ ነው። በሕመሙ ላይ ሲጭኑት ግን ጅማቱ እንደገና ይቆጣል፣ አጥንቱ ይጨምራል፤ እብጠቱ ወደ ኋላ ካደገ ደግሞ እዚያ ያለውን ትልቁን ጅማት ይነካዋል። ያኔ የሚጠፋው ስድስት ሳምንት ሳይሆን ፈረሱ ነው። ሌላ ፈረስ መግዣው ከየት ይመጣል? መውጫውን ያገኙት እናቱ ናቸው። ፈረሱ ግማሽ ቀን የሚያርፍለት ጎረቤት ነበራቸው፤ እንደ ወንፈል ተስማሙ። ልጁ በጎረቤቱ ፈረስ ከሰዓት በኋላ ይሠራል፤ በምትኩ የሁለቱንም ፈረሶች ሣር ያጭዳል፣ የጎረቤቱንም ማሳ ያርማል። ገቢው ቀነሰ እንጂ አልተቋረጠም። እናንተም ፈረሱን ከማሳረፋችሁ በፊት ይህን ከቤተሰብ ጋር ምከሩበት፤ ያልታሰበበት ዕረፍት በሳምንቱ ይፈርሳል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንክብካቤ እንዲህ ነው። ሥራ ወዲያው ይቁም። ቀዝቃዛ ውኃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቀን ሦስት ጊዜ እብጠቱ ላይ አፍስሱ። ወራጅ ወንዝ ቅርብ ከሆነ ደልዳላ ቦታ ፈልጋችሁ እስከ ጉልበቱ አቁሙት። ከዚያ አድርቁት። በፋሻ ማሰር የምትችሉ ከሥሩ ወፈር ያለ ጥጥ አድርጉና እኩል አድርጋችሁ ጠቅልሉ፤ በየቀኑ ፈታችሁ እዩት። አስተሳሰሩን የማታውቁ ተዉት። ጠብቆ የታሰረ ፋሻ ጅማት ይጎዳል፣ ቆዳ ያቆስላል፤ ከእሱ ባዶ እግር ይሻላል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ለግጦሽ ስታወጡት በዚያ እግሩ እንዳታስሩት። ብዙዎቻችን ፈረስ በእግሩ አስረን ማሰማራት ለምደናል፤ የታመመ ቅልጥም ላይ ገመድ ማዞር ግን ቁስል በቁስል ላይ ነው።

ስለ መድኃኒት፦ እብጠትና ሕመም የሚቀንስ መድኃኒት አለ፤ መጠኑ ግን በፈረሱ ክብደት ይወሰናል፤ ሲበዛም ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። የሚያዘው የእንስሳት ሐኪም ነው። ከሱቅ የገዛችሁትን የሰው ክኒን አትስጡት። መድኃኒት ወስዶ ማነከሱን ቢተው ደግሞ ሕመሙ ተሸፈነ እንጂ ጅማቱ አልጠገነም፤ በዚያ ተታላችሁ እንዳትጭኑት።

ስለ መተኮስ የምለውን አባቶች እንዳይቀየሙኝ። አንድ ጊዜ ይህንኑ ሳወራ አንድ ሽማግሌ ተቆጡኝ። «እኔ ስንቱን ተኩሼ አድኛለሁ!» አሉ። «ልክ ነው አባቴ፣ ድነዋል» አልኳቸው። «ከተኮሱት በኋላ ግን ስንት ቀን ያሳርፉታል?» «ኧረ ቁስሉ እስኪደርቅ ወር ከምናምን ማን ይጭነዋል!» አሉኝ። «እንግዲያው ያዳነው እሱ ወር ከምናምን ነው» ስላቸው ትንሽ ዝም አሉና ሳቁ። ወገኖቼ፣ ብረቱ ቆዳ ያቃጥላል እንጂ ጅማት አያጋጥምም። በቁስሉም ኢንፌክሽን ይገባል። ፈረስ ደግሞ በመንጋጋ ቆልፍ በቀላሉ የሚጠቃ እንስሳ ነው። ናፍጣና የባትሪ አሲድ መቀባትም ያው ማቃጠል ነው። ዕረፍቱን ያለ ብረቱ ስጡት።

ቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው? ከምት ወይም ከእርግጫ በኋላ እግሩን መሬት ለማስነካት ከተሳነው፤ ቆዳው ተቀዶ ከሆነ፤ ከቁስሉ መግል የሚወጣ ከሆነ፤ ቅልጥሙ ዙሪያውን በሙሉ ካበጠ፤ ወይም አሥር ቀን አርፎም ለውጥ ካላሳየ። እነዚህ ቀጭኑ አጥንት መሰበሩን ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ እሱን በእርግጠኝነት የሚለየው ራጅ ነው። ከወረዳችሁ የእንስሳት ክሊኒክ ጀምሩ፤ ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ወዴት እንደምትሄዱ እነሱ ይነግሯችኋል።

ወደ ልጁ ልመለስ። በ12ኛው ቀን ደወለልኝ፤ ደስታው በስልክ ያስታውቃል። «ጋሼ፣ ማነከሱን ተወ! ነገ ልጫነው?» «አውራ ጣትህን አስቀምጥና ተጫነው» አልኩት። ስልኩን ሳይዘጋ ተጫነው። ፈረሱ እግሩን ነጠቀው። ትንሽ ዝም አለና «አልዳነም» አለኝ ራሱ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው ፈረሱን የሚያጣው በዚች ቀን ነው። ፈረሱ አያነክስም፣ ቤት ውስጥ ገንዘብ የለም፣ ጋሪው በር ላይ ቆሟል። ማን ይታገሣል? እሱ ታገሠ። በየሳምንቱ እሑድ እየተጫነ ያየው ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ቢጫነውም ፈረሱ ሣሩን መብላት አላቋረጠም። ያ ነው ምልክቱ።

ሁሉም በስድስት ሳምንት ይድናል ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ በአራት ይድናል፤ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ የሚፈልግም አለ። ቀን ቁጠሩ፣ ውሳኔውን ግን ለአውራ ጣታችሁ ተዉት። ሙቀቱ ከጠፋ፣ ሲጫኑት ካልነጠቀ፣ በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማም ካላነከሰ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሟሉ ነው ሥራ የሚጀምረው። በዕረፍቱ ወቅት ገብሱንና ፉርሽካውን ቀንሱለት፤ ሥራ ሳይኖር ጥራጥሬ ሲበዛ ሆዱንም ኮቴውንም ያምመዋል፣ ጉልበቱም ተርፎ ይዘላል። ሣርና ድርቆሽ፣ ንጹሕ ውኃ ግን አይጉደልበት። የመጀመሪያው ቁጣ ሲበርድ በገመድ ይዛችሁ ለስላሳ ሣር ላይ በዝግታ አንሸራሽሩት። ከሌሎች ፈረሶች ጋር ለቃችሁ እንዲሮጥ አታድርጉ።

ሥራ ሲጀምርም በአንዴ አይሁን። የመጀመሪያውን ሳምንት ባዶ ጋሪ፣ አጭር መንገድ፣ በእርምጃ ብቻ። በሁለተኛው ሩብ ጭነት፣ በሦስተኛው ግማሽ። በየማታው ጣታችሁን አስቀምጡ። ሙቀት ከተመለሰ እናንተም አንድ ደረጃ ተመለሱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለፈረስም ይሠራል።

እንዳይደገም ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ ዕድሜ። የፈረስ የፊት ጥርሶች ሁሉ በቋሚ ጥርስ የሚተኩት አራት ዓመት ተኩል ገደማ ላይ ነው። ገና የወተት ጥርስ ያለበትን ፈረስ ከባድ ጭነት አታስጎትቱ፤ ስትገዙም አፉን ከፍታችሁ እዩ። ሁለተኛ ኮቴ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ኮቴው ተስተካክሎ ይቆረጥ። የተጣመመ ኮቴ ክብደቱን ወደ አንድ ጎን ያዞረዋል፤ አንዱ እግርም ሌላውን እንዲመታ ያደርጋል። ሦስተኛ መሬት። ምርጫ ካላችሁ ከአስፋልቱ ይልቅ የአፈሩን ጠርዝ አስይዙት፤ ጭነት ይዞ በቁልቁለት በሶምሶማ አታስኪዱት። ለበዓል ጉግስ የምታዘጋጁትንም ከወር በፊት ጀምራችሁ ጥቂት በጥቂት አለማምዱት።

የልጁ ፈረስ እብጠት ዛሬም አለ፤ ቀንሶ የባቄላ ፍሬ ያህላል። ገበያ ላይ አንዳንዱ እያየ «ይኼማ እግሩ የተበላሸ ነው» ይለዋል። እሱም «ተጫነውና እየው» ይላል። እናንተም ዛሬ ማታ ፈረሳችሁን ስታስገቡ ሁለቱንም የፊት እግሮቹን በእጃችሁ ዳስሱ። ደህናውን እግር ያወቀ እጅ የታመመውን ቶሎ ይለያል።

ፈረስ ያለው ጎረቤት ካላችሁና ስልክ ከሌለው አንብቡለት። ሰላም ሁኑ፣ ከብቶቻችሁ ይባረኩ።